ሰኞ ድልድዩ ጋ ነኝ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዜናው አልቆ ኳሱ ሳይጀምር፣
በከተማው ኤፍ ኤም የሴት ድምፅ መጣ።
አያስፈራራም። አይለማመጥም።
የቀበሌ ስብሰባ እንደሚጠራ ሰው ዓይነት፦

«ሳጅን ባንቺአምላክ ነኝ፣ ከትራፊክ።
ሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ
ዓባይ ድልድይ መግቢያው ላይ እቆማለሁ።
ፍጥነት መለኪያ ይዣለሁ።
በኋላ አልነገርሽንም እንዳትሉ።»

እኛ የባጃጅ ሰዎች፣ ተራ ስንጠብቅ ከዘንባባው ሥር፣
እንባችን እስኪወጣ ሳቅን፤ ይህም ሆነና ምስጢር!
«አይጥ ልትይዝ የወጣች ድመት» አለ ምንይችል፣
«በገዛ እጇ አንገቷ ላይ አሰረች ቃጭል!
ወጥመድ የዘረጋ አዳኝ፣ ለሚዳቋዋ ደውሎ
ተጠንቀቂ ይላል እንዴ፣ ነገ እመጣለሁ ብሎ?»

ሰኞ ደረሰ። እንዳለችው ቆማለች፣
ነጭ ቆቧን ደፍታ።
ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ቀስ ብለን አለፍናት፤
አንዳንዱማ በጥሩንባ ሰላም አላት።
ማንም አልተቀጣም።
ድልድዩን ስንሻገር ግን እጀታ ጠምዝዘን
የዘንዘልማን አስፋልት በረርንበት።

እኔ ብቻ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አምና በጥቅምት፣ እዚያው ቦታ፣ ዓይን ሊይዝ ሲል፣
አንድ ሰው ቆሮሶ በደንገል ገመድ አስሮ
ብስክሌቱ ኋላ ጭኖ ከሐይቁ ዳር ይመጣ ነበር።
አይሱዙው ሊቀድመኝ ይፈልጋል።
አላሳልፍም አልኩ።
እልህ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከኋላ ወንበሬ ላይ አስተኝቼ ፈለገ ሕይወት አደረስኩት።
ወንበሩን ሦስቴ አጠብኩት።
በጥር ወር ከስፌቱ ውስጥ አንድ የዓሣ ቅርፊት ወጣ፣
ጥፍር የሚያህል፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያበራ።
አልጣልኩትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ያን ማታ ቃሌን የተቀበለችው ሴት
ባንቺአምላክ ናት።
«አይሱዙው ከማን ጋር ነበር የሚሽቀዳደመው?»
«አላየሁም» ብዬ ፈረምኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ራዲዮኑ፦
«ሳጅን ባንቺአምላክ ነኝ። እወጣለሁ።
ድልድዩ ጋ፣ ወይ ጨርቃ ጨርቅ በር፣ ወይ ቀበሌ አሥራ አራት።
ቀኑን ግን አልነግራችሁም።»

ከዚያ ወዲህ ዘንባባ ሁሉ ነጭ ቆብ ደፋ፣
የሸንኮራ ሻጩ ጃንጥላ ፍሬን አስያዘን በይፋ።
ምንይችል አንድ ማለዳ ለሳቢሳ ፍሬን ያዘ፤
ወፏ ሽቅብ በረረች፣ እሱ እዚያው ፈዘዘ።
የዚያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ነዳጅ ሰልፍ ላይ አገኘኋት።
«ሳጅን፣ ለምንድን ነው አስቀድመሽ የምትነግሪን?»
የቅጣት ደብተሯን አውጥታ ገለጥ ገለጥ አደረገች፤
ነጭ በነጭ ነው።
«ይኸ ባዶ እንዲቀር» አለች። «ሌላ ደብተር አለኝ፤
እዚያ ላይ የጻፍኩትን ስም ማንም ከፍሎ አያሰርዘውም።»
ከዚያ ቆይታ፦ «የአምናውን ታስታውሳለህ?»
ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እኔም ተንቀሳቀስኩ።

አሁን ወደ መርዓዊ ተዛውራለች ይላሉ።
ድምጿ ግን በየሳምንቱ ይመጣል፤ የተቀዳ ነው አሉ፣
«እወጣለሁ» ይላል፣ እንደ ድሮው፣ ሳይቸኩል።

ትናንት ሊመሽ ሲል ድልድዩ ጋ ደረስኩ።
እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ
አንድ የተሰበረ የማንጎ ሣጥን ብቻ አለ።
እንደሌለች አውቃለሁ።
እጄ ግን እጀታውን ለቀቀ።
ከኋላዬ ጥሩንባው ተንጫጫ፣
አንዱ እናቴን ጠርቶ ሰደበኝ።

ከጎን መንገድ አንዲት ልጅ በብስክሌት ወጣች፣
ሰንደል ጫማዋ አንድ እግሯ ላይ የተበጠሰ፣
ግራም ቀኝም ሳታይ፣ እያፏጨች፣
በፊቴ ተሻግራ ወደ ሐይቁ ወረደች።

እኔን አላየችኝም።
እኔ ግን አየሁ።
አየሁ፣ ሳጅን።